የጠመንጃው ልብስ

ዛሂር ደጃፍ ላይ ጫማውን እያወለቀ ሳለ ነበር እናቱ ከመጋረጃው ወዲያ ሲናገሩ የሰማው። «ነስራ፣ እስቲ ያን ጠመንጃ ከምስማሩ አውርደሽ ስጪኝ። ዛሬ አደባባይ የሚወጣበት ቀን ነው፤ አቧራውን እንደለበሰማ አይወጣም፤ ዘይት ልቀባው።» ዛሂር አንዱን ጫማ በእግሩ፣ አንዱን በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሚስቱ ነስራ፣ «እማዬ፣ እጅዎ ሂና ነው፤ ዘይቱ ያበላሽብዎታል» ስትል ተሰማች። አሮጊቷ ግን በዋዛ የሚለቁ አልነበሩም። «እንግዲያው ከነልብሱ ልዳብሰው» አሉ። ነስራ በጥንቃቄ፣ የተኛ ሕፃን እንደምታወርድ ሁሉ፣ አቅፋ አምጥታ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። የእናቱ የሙዝና ዓይን ሞራ ከጋረደው ሰንብቷል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁና በአረማመዱ ነው። አረንጓዴውን የጨርቅ ልብስ ከሰደፉ አንስተው እስከ አፈሙዙ ድረስ ሁለት ጊዜ ዳበሱት፤ ከዚያም መለሱላት። ነስራ ዞር ስትል በመጋረጃው ክፍተት ከባሏ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

በልብሱ ውስጥ ያለው ጠመንጃ አልነበረም። የውሃ ቱቦ ነው። ለአትክልት ማጠጫ ተገዝቶ የተረፈ፣ አንድ ጫፉ ላይ ቁራጭ ጣውላ በጨርቅ ተጠቅልሎ የታሰረበት፣ ለፈዘዘ ዓይን ሰደፍ የሚመስል የፕላስቲክ ቱቦ። ማርቲኒ የሚባለው ጠመንጃ ራሱ ከአራት ወር በፊት በኒዝዋ ከተማ የዓርብ ገበያ በሁለት መቶ ሰማንያ ሪያል ተሸጧል፤ የተሸጠውም ለዚሁ ለዛሬው የልጁ ሰርግ ነው። የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ኩባንያው የክሬን ነጂዎቹን በአንድ ጠዋት ሲያሰናብት ዛሂር ከበረሃ ይዞ የተመለሰው አንድ ሻንጣና አንድ የምስጋና ወረቀት ነበር። ልጁ አዛን ግን አስቀድሞ ሽማግሌ ልኮ፣ የጥሎሹ ነገር አልቆ ነበር። የሙሽራይቱ ቤተሰቦች ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ «ቀስ ብላችሁ» ብለዋል። እንቅልፍ የነሳው ይኸው «ቀስ ብላችሁ» ነው። ሰው ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

በደጉ ዘመን አንድ የኩዌት ሰው እቤታቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ጥንታዊ መሣሪያ የሚሰበስብ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው። ጠመንጃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ፣ አፈሙዙን የታጠቁትን ሦስት የብር ቀለበቶች በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ፣ እያንዳንዱ ቀለበት ሟቹ የዛሂር አባት ለዋሉበት አንድ ጦርነት መታሰቢያ እንደሆነ ሲነገረው ዓይኑ ተንከራተተ፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሪያል ልስጥህ አለ። ዛሂር ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ «የአባት አጥንት አይሸጥም» ብሎ መለሰው። ለዓመታት ይህች መልስ በየድግሱ ስትወራ ኖራለች። እሱም አንድ ሺህ አንድ መቶ ሪያል ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለለት ቆጥሮ ሲተኛ ኖረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ክፉው ቀን ሲመጣ የኩዌቱ ሰው ስልክ አይነሳም፤ ገበያ ላይም «ሁለት መቶ ሃምሳ፣ በቃ ለቀለበቶቹ ስል ሰላሳ ልጨምርልህ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር የቀረው።

ዛሬ ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ የሰፈሩ ወንዶች በመንደሩ አዳራሽ ፊት ይሰለፋሉ። ከየቤቱ አንድ ሰው የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ይወጣል፤ ከበሮው ሲመታ መሣሪያው ወደ ሰማይ ይወረወራል፣ ይቀለባል፤ ሙሽራው ከሰልፉ ኋላ ይመጣል። ጠመንጃ የሌለው ሙሽራ ያገባል፣ ማን ይከለክለዋል፤ ግን አባቱ ሞቶ የቀረ ይመስላል። ሙዝና ደግሞ ለልጅ ልጃቸው ሰርግ የፈለጉት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ደጋግመው ተናግረዋል። «ያ ብር በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ልየውና ከዚያ በኋላ ብሞትም ግድ የለኝም።» የዛሂር ዘዴ ቀላል ነበር። የአጎቱ ልጅ ኻልፋን አንድ ማርቲኒ አለው፤ ቀለበት የለውም እንጂ ቁመቱ አንድ ነው። እሱን ለአንድ ከሰዓት ይዋሳል፣ አፈሙዙን በብርማ ወረቀት ይጠቀልላል፣ እናቱ እንደሆኑ ከሩቅ የሚያዩት ብልጭታውን ብቻ ነው። ዘዴው ሲያስቡት አሳፋሪ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አላሰበውም።

ኻልፋን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው፤ ሱቁ አሁንም አለ፣ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ነው የጠፋው። ዛሂርን እንግዳ ክፍል አስገባው፣ ተምርና ቡና ቀረበ።

«ወሬ አለ?» አለ ኻልፋን።

«ወሬ የለም። በእናንተስ?»

«ምንም ወሬ የለም። ደህና።»

በኒዝዋ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ወሬ የለም ነው የሚለው። ወሬው የሚመጣው ተምሩ ተቀምሶ ሁለተኛው ስኒ ከተጠጣ በኋላ ነው፤ ከመጣ። ዛሂር ሁለተኛውን ስኒ ጠጣ፣ ሦስተኛውን ጠጣ፣ ስለ ሰርጉ ሥጋ፣ ስለ ድንኳኑ ኪራይ፣ ሩዝ በከረጢት ስንት እንደገባ አወሩ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የኔ ማርቲኒ ቃታው ስለነከሰ ለዛሬ ያንተን ብትሰጠኝ» አለ። ኻልፋን ሳይቸኩል ስኒውን አስቀመጠ። «አይ ወንድሜ፣ የኔም እኮ ጥገና ነው። ሰደፉ ተሰንጥቆ።» ይህን ሲል ሁለቱም ሳይፈልጉ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ፤ የኻልፋን ጠመንጃ ልብስ እዚያው ምስማሩ ላይ፣ ረጅም ሆኖ፣ ሞልቶ ተንጠልጥሏል። ማቀዝቀዣው ነፋሱን በዚያ በኩል ሲያዞር ልብሱ ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። አራት ኪሎ ብረትና እንጨት በማቀዝቀዣ ነፋስ አይወዛወዝም። ዛሂር «ወንድም ዓለም፣ አንተ ደግሞ ምን አስገባህበት?» ብሎ መጠየቅ አማረው፤ ግን ተምር አነሳና አፉን ዘጋበት። ኻልፋንም ከግድግዳው ዓይኑን መልሶ፣ «እንዲያውም ወደ አንተ ልመጣ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። ሲሸኘው እስከ በሩ ሳይሆን እስከ መንገዱ ድረስ አብሮት ወጣ።

ታክሲ ነጂው ሀሙድ ደግሞ ጭራሽ አላስገባውም። የግቢውን በር በአንድ እጁ እንደያዘ፣ «ጠመንጃውን ልጄ ወደ ሶሓር ከተማ ይዞት ሄዷል፤ ጓደኛው እያገባ» አለ። ሶሓር የሄደው ልጅ ከአባቱ ጀርባ ባልዲ ይዞ ታክሲውን እያጠበ ነበር፤ የእንግዳውን ድምፅ ሰምቶ፣ «አጎቴ ዛሂር፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ሀሙድ ጆሮው ቀላ። ዛሂርም እንዳላየ፣ እንዳልሰማ ሆኖ፣ ሶሓር መንገዱ ረጅም ነው አይደል፣ ብሎ ሄደ።

በመንገዱ ላይ ያለፈው በዓል ትዝ አለው። ያኔ ሰልፉ ላይ ገሚሱ ሰው የግመል መንጃ ዱላ ብቻ ይዞ ነበር የወጣው። «ሙቀቱ ከብዷል፣ ማን ጠመንጃ ይሸከማል» ተብሎ ተስቆ ነበር፤ እሱም አብሮ ስቋል። አሁን ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየው፤ መንደሩ በሙሉ ግድግዳው ላይ ቱቦ ሰቅሎ ነው የሚኖረው። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሸጦ፣ ጎረቤቴ ግን አለው፣ ሰርግ ሲመጣ እዋሳለሁ ብሎ ነው የተማመነው። መጀመሪያ ሳቁ መጣ፤ ብቻውን እየሄደ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ቀጥሎ ደግሞ አዘነ፤ ለራሱ ብቻ አልነበረም ያዘነው፤ ለኻልፋን፣ ለሀሙድ፣ በር ዘግቶ ቱቦ በልክ ለቆረጠው ሰው ሁሉ አዘነ።

የቀረው አንድ መንገድ ጠመንጃውን ወደ ገዛው ነጋዴ የሚወስደው ነበር። ገበያው ደርቶ ነበር። በምሽጉ ግንብ ሥር በተሠራው ክብ መድረክ ዙሪያ ገዢዎች ተቀምጠው ሻጮቹ ፍየሎቻቸውን እየጎተቱ ይዞራሉ፤ ዋጋ ይጠራሉ፤ አንድ ሰው የፍየሏን ጥርስ ያያል፣ ሌላው ጀርባዋን ይጫናል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ የጠመንጃው ጥግ ነው። ድሮ እዚህ ቦታ መሣሪያ ያልያዘም ሰው ለማየት ይመጣ ነበር፤ የአቡ ዳቢና የኩዌት መኪኖች ማቆሚያ ያጡ ነበር። ዛሬ ግንቡን ተደግፎ የተቀመጠው ሁሉ ጭኑ ላይ ጠመንጃ አጋድሟል፤ ዓይኑን ወደ መንገዱ ተክሎ ገዢ ይጠብቃል፤ የሚመጣው ግን ሌላ ሻጭ ነው። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ከአንድ ወጣት ደላላ ጋር ተያይዘዋል።

«መቶ ሃያ? ይህ እኮ ከአባቴ የወረስኩት ነው!»

«ጋሼ፣ አባትዎ ራሳቸው ተነስተው ቢመጡ መቶ ሃያ ነው።»

«ያችን ፍየል መቶ ሰማንያ ሲሸጧት ሰምቻለሁ አሁን።»

«ፍየሏ ትበላለቻ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ጠመንጃውን በነጠላ ልብሳቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ «እንግዲያው ፍየሏን ብፈልግ ጠመንጃውን ስጠንና ስልሳ ጨምር ልትሉኝ ነዋ» አሉ፤ ሰው ሳቀ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ዛሂር እዚያ መቆም ከበደው። ያን ሁለት መቶ ሰማንያ ሪያል የተቀበለው በዚሁ ግንብ ሥር ነበር፤ ያኔም በጣም አነሰኝ ብሎ እንዳይናገር ጥርሱን ነክሶ ነበር። አሁን ሲሰማ ዕድለኛ ነበር ማለት ነው። ዕድለኛ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አበሳጨው።

የመሣሪያው ገዢ የሸይኻን ሱቅ ከገበያው ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ሁለት ጥንድ የታወቁ ነጠላ ጫማዎች ወልቀዋል። ዛሂር መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ኻልፋን ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፣ ሀሙድ ከጎኑ። ማንም ማንንም ለማየት አልፈለገም። ሸይኻን ፉሉን በዳቦ እየዘገነ ነበር፤ ከጀርባው ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ ጭቃና ድንጋይ እንደሌለው ቤት ሁሉ ግድግዳው ከብረትና ከእንጨት የተሠራ ይመስላል።

«ግባ፣ ግባ፣ ሦስተኛው» አለ ሸይኻን። «ወሬ አለ?»

«ወሬ የለም» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

ሸይኻን ጉርሻው እስኪያንቀው ሳቀ። «ወሬ ከሌለ ታዲያ በሰርግ ቀን እኔ ዘንድ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

ዛሂር ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር። የኻልፋንን አየው፤ ሰደፉ አልተሰነጠቀም። የሀሙድንም አየው፤ ሶሓርን አያውቅም። የመስጊዱ ሶላት ጠሪ ጠመንጃ፣ የጎረቤቱ የአናጢው፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፤ የሰፈሩ ሰልፍ በሙሉ እዚህ ቤት ቆሟል። የእሱ ብቻ የለም። ተሽጧል። አሁን በአንዱ ሀብታም ሳሎን፣ ከመስታወት በስተጀርባ፣ ስለ ሦስት ጦርነት የሚተርክ ጽሑፍ ሥር ተሰቅሏል፤ እናቱ ደግሞ እጃቸውን ሂና ተቀብተው እየጠበቁት ነው።

«ምን ታያለህ?» አለ ሸይኻን፤ እጁን በውሃ እያለቃለቀ። «ይኸውልህ፣ ሁላችሁም ሸይኻን በርካሽ ገዛን፣ ከበረብን ትላላችሁ። አውቃለሁ። እኔም የዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስድስት መቶ ሲያወጣ የኖረውን በመቶ ሰማንያ ገዛሁ ብዬ። በመቶ ሰማንያ የገዛሁትን ዛሬ ውጭ ላይ መቶ ሃያ ሲሉት አልሰማህም? ነገ ደግሞ ስንት እንደሚሉት አላህ ይወቅ። ሁላችሁ ሻጭ ሆናችሁ፣ እኔ ብቻ ገዢ። የልጆቼን ቤት መሥሪያ ነው ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት።»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለ ኻልፋን ለራሱ።

«የኔስ?» አለ ዛሂር። «ባለ ሦስት ቀለበቱ።»

ሸይኻን ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ የተጠቀለለ አሮጌ ምንጣፍ ታቅፏል። መሬት ላይ ዘረጋው፤ በመሃሉ ማርቲኒው ተኝቷል፤ በዘይት ተጠርጎ፣ ቀለበቶቹ ተወልውለው። «አልሸጥኩትም። ግድግዳ ላይም አላወጣሁትም፤ ለሰው አላሳየሁትም። አዝኜልህ አይደለም፣ እንዳይመስልህ። ተራው ዕቃ ዋጋው ቢወድቅም ነገ ይነሳል፤ እንዲህ ያለውን ግን በክፉ ዓመት ካሳየኸው የክፉ ዓመት ዋጋ ይለጠፍበታል። ደግ ዘመን ሲመጣ፣ ‹እኛ እኮ ይህንን በሦስት መቶ አይተነዋል› ይሉሃል። እንደ ልጃገረድ ነው፤ አንዴ ስሟ ከወጣ አበቃ። ስለዚህ ደበቅኩት።»

ዛሂር ተንበርክኮ ነካው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰደፉ ጉንጩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንደ ቀድሞው የለሰለሰ ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አጠገቡ ሰው መኖሩም አላሳፈረው። ኻልፋን ነበር ስለ ሁሉም የተናገረው። «ሸይኻን፣ ለዛሬ ብቻ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንመልሳለን።»

ሸይኻን ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «የሰርጉን ጥሪ ያደረሰኝ ከእናንተ ማነው?» መተላለፊያው ላይ የሰው እግር ሲያልፍ ተሰማ። «የዛሬውን ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ሆነኝ ሰርግ ከበላሁ። የሸጠልኝ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ለማዶ ይሄዳል። መስጊድ ስገባ አጠገቤ ያለው ሰው ቦታ ይቀይራል። ምን አጠፋሁ? ሲቸግራችሁ መጥታችሁ በሬን አንኳኳችሁ፣ ከፈትኩ። ሚስቴ፣ ‹ሰው ለምን ጠላን?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ዛሂር እውነት መሆኑን ያውቀዋል። የሚጠሩትን ሰዎች ሲያስብ የሸይኻንን ስም ራሱ አልፎታል፤ ረስቶት አልነበረም፣ ሆን ብሎ ነው። ፊቱን ሲያይ ያ ቀን፣ ያ ግንብ፣ ያ ሁለት መቶ ሰማንያ ይመጣበታል። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ዛሬ ከዓስር በኋላ ትመጣለህ። ሰልፉ ውስጥ፣ ከጎኔ።»

«ከጫፍ ብቆም ይበቃኛል።»

«ከመሃል» አለ ዛሂር፤ «አለዚያ አንዱንም አልወስድም።» ሀሙድ ክንዱን ጎሸም አደረገው፤ ጠመንጃ ልታሳጣን ነው እንዴ በሚል ዓይን። ሸይኻን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠመንጃዎቹን ከምስማሮቹ አንድ በአንድ ማውረድ ጀምሮ ነበር።

ከዓስር ሶላት በኋላ የሸይኻን ፒካፕ ከአዳራሹ ጀርባ ቆመ። ዱላ ይዘው የመጡት ወንዶች አንድ ሁለት እያሉ፣ ውሃ ሽንት እንደሚሄድ ሰው፣ ወደዚያ ሾለክ አሉ። ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልተጠየቀም፤ እያንዳንዱ የራሱን ብረት በዓይኑ ለይቶ አነሳ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አናጢው ኻልፋንን፣ «ጥገናው አለቀልህ?» አለው፤ ኻልፋንም፣ «አለቀ» ብሎ ወደ ሀሙድ ዞሮ፣ «አንተስ ከሶሓር መጣልህ?» አለ፤ ሀሙድ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። ሲሰለፉ ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ ጫፍ አንድ ባዶ እጅ አልነበረም። ካለፈው በዓል በፊት እንኳ ሰልፉ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ሸይኻን ከመሃል፣ በዛሂር ቀኝ ቆመ፤ የያዘው የራሱን የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ ነው፤ ከግድግዳው ዕቃ ሁሉ የባሰ መናኛ። ቆቡን ሁለት ሦስት ጊዜ አስተካከለ።

ከበሮው ተመታ። አዛን ካባውን ደርቦ፣ የብር ጩቤውን ታጥቆ፣ ከአጎቶቹ መሃል ብቅ ሲል ሴቶቹ በግንቡ ጥላ ሆነው እልል አሉ። ዛሂር ማርቲኒውን ወረወረው፤ በአየር ላይ ዞረ፣ ሦስቱ ቀለበቶች ተራ በተራ ፀሐይ ያዙ፣ ተመልሶ መዳፉ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ድሮ እንደነበረው አይደለም፤ ግን እጁ አልሳተም። ሁለተኛ ወረወረው። ሦስተኛ። የልጁን ፊት አየ፤ ልጁ እየሳቀ ነበር። ከዚያም ወንበራቸው ላይ የተቀመጡትን እናቱን አየ፤ ሂና ያለበት እጃቸው እሱን ይጠራ ነበር።

ሰልፉ ሲያርፍ ሄዶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ሙዝና ጠመንጃውን ተቀበሉት። ሰደፉን፣ ቃታውን፣ ከዚያም ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ዳበሱ። «ወሬ አለ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ወሬ የለም» አለ ልማድ ሆኖበት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲሮጥ የዋለው ይህን ጥያቄ እንዳይጠየቅ ነበር፤ አሁን ሲጠየቅ ግን ደከመው። «አለ እማ» አለ። «ሸጬው ነበር። ዛሬን ለምኜ ነው ያመጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ነስራ ነገረችዎት?»

«ማን ይንገረኝ? ቱቦ ይሸታል ልጄ። ዓይኔ ነው የፈዘዘው፣ አፍንጫዬ ምን ሆነ? በዚህ ሙቀት አራት ወር ሙሉ ፕላስቲክ አሸተትከኝ።» ቀጥለውም፣ «አባትህ እንኳ የዘንባባ ዘንግ ነበር የሚከተው፤ እሱ ቢያንስ የቤት ሽታ አለው» አሉ።

ዛሂር በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «አባቴ?»

«ሦስት ጊዜ ሸጦታል። መጀመሪያ የመስኖው ውሃ በደረቀበት ዓመት፤ ተምሩ ሁሉ ቆሞ ሞተ። ሁለተኛ ወደ ባሕሬን ሊሰደድ መንገድ ሲጀምር። ሦስተኛ አንተ ጢም ስታበቅል፣ የነዳጁ ዋጋ መጀመሪያ ሲወድቅና ኩባንያው ሲያባርረው። በየዓርቡ ገበያ ይሄድ የነበረው ምን ሊገዛ መስሎህ ነው? ሊያየው ነበር፤ አለመሸጡን ሊያረጋግጥ። መልሶ በገዛው ቁጥር አንድ ቀለበት አሠራለት።»

«ጦርነቶቹስ?»

«የምን ጦርነት? አባትህ ከዶሮ ጋር እንኳ ተጣልቶ አያውቅም።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «አላወቅሁበት መስሎት ነበር። እኔም ዘንባባውን ከነልብሱ ስወለውልለት ኖርኩ። ሰው ገበናውን የሸፈነ ሲመስለው ቀና ብሎ ይሄዳል፤ ምን ብዬ ልገልጥበት? አንተንም ለዚያ ነው ዝም ያልኩህ። ዛሬ ግን ስትወረውረው ብልጭታው ከፍ ሳይል ሲመለስ አየሁ፤ የሰው ዕቃ እንደሚወረውር ሰው ፈርተህ ነበር። ስንት ሰጡህ?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ።»

«ለሦስተኛው ጊዜ አባትህ በዘጠና ነው የሸጠው። አንተ ትሻላለህ።» ከዚያም የልጃቸውን አውራ ጣት ይዘው ከሦስተኛው ቀለበት በላይ፣ ወደ አፈሙዙ ጫፍ አቅራቢያ አሳረፉት። ብረቱ እዚያ ጋ ባዶ ነበር፤ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ለስልሶ የተፋቀ፣ ለሌላ ቀለበት የተተወ ቦታ። ዛሂር ይህን ጠመንጃ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲወለውል ያንን ቦታ ሺህ ጊዜ ነክቶታል፤ ምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። «ለአንተ የተወው ነው» አሉ ሙዝና። «‹ልጄም ክፉ ቀን አያጣውም› እያለ።»

ዛሂር ጠመንጃውን ታቅፎ እናቱ እግር ሥር ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሴቶቹ ለልጁ ሰርግ ደስታ መስሏቸው እልልታውን ደገሙት።

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ወንዶቹ መሣሪያቸውን ወደ ፒካፑ መለሱ። ሸይኻን ግን አልሄደም፤ ከኻልፋንና ከሀሙድ ጋር ከአንድ ሳህን ሩዙን እየጎረሰ ነበር፤ ሀሙድም ሥጋ እየመረጠ ወደ እሱ በኩል ይገፋለት ነበር። ዛሂር ማርቲኒውን በራሱ እጅ ምንጣፉ ላይ አስተኝቶ ጠቀለለው። «ዓርብ ዓርብ እየመጣሁ አየዋለሁ» አለ። ሸይኻን አፉ እንደሞላ ራሱን ነቀነቀ።

ቤት ሲገባ ነስራ ዕቃ ታጥብ ነበር። አረንጓዴውን ልብስ ከምስማሩ አወረደ፣ ቱቦውን አውጥቶ ወደ አትክልቱ ጣለው። ከጓሮው ዘንባባ አንድ ደረቅ ዘንግ ቆረጠ፤ እሾሁን ላጠ፣ በልብሱ ለካው፣ ትንሽ ስለረዘመ እንደገና ቆረጠው። አስገብቶ ሰቀለው። ከመጋረጃው ወዲያ የእናቱ ድምፅ መጣ። «ነስራ፣ የጠመንጃውን ዘይት ነገ ጠዋት አትርሺ።»